የታንጉት ስጥ በፀሐይ መንገድ ላይ

ታንጉት ከመንገድ አትወጣም። ይኸን የምናውቀው የሰፈሯ ሰዎች ብቻ አይደለንም፤ ከቡሬ እህል ጭነው ወደ ፍኖተ ሰላም የሚያልፉ የአይሱዙ ሹፌሮችም ያውቁታል። አህያዋን እየነዳች ከማንኩሳ ገበያ ስትመለስ ከኋላዋ ጡሩምባ ቢነፉባት ዘወር ብላ አታይም። አንድ ጊዜ አንዱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "እናቴ፣ መንገዱን ይልቀቁ እንጂ" ቢላት፣ "ለቅቄ የት ልግባ? አንተ ጎማ አለህ፣ ዙር" አለችው። ዞረ።

ከልጅነቷም እንዲሁ ነበረች። ያን ጊዜ ወደ ምንጩ የሚወርደው መንገድ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ እሾህ። እኛ ልጃገረዶቹ እንስራ ተሸክመን ስንወጣ፣ የአገሩ ባለርስት በበቅሎ ሆነው ቁልቁል መጡ። ሁላችንም እሾሁ ውስጥ ገባን። እኔ እግሬን ተወግቼ ዝም አልኩ። ታንጉት ግን ከነእንስራዋ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። "ጌታዬ፣ የእኔ ይፈሳል፤ የእርስዎ በቅሎ አይፈስም" አለቻቸው። ሰውየው ሳቁ፤ በቅሎዋንም መለሷት። ማታ እናቷ በአለንጋ ገረፈቻት። በማግስቱ ምንጭ ስንወርድ ጀርባዋን አሳየችኝና፣ "ውሃው ግን አልፈሰሰም" አለችኝ።

እኔ ከእሷ ጋር አድጌ ከእሷ ጋር ያረጀሁ ነኝ። ፊደልም የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከእሷ ጎን ተቀምጬ ነው። እሷ ከአስተማሪው ጋር ተጣልታ ጥላው ወጣች፤ እኔ ቀረሁ። ስለዚህ መሥራቱ ለእሷ፣ መጻፉ ለእኔ ደረሰ።

አሁን ስለ ስጥ ልናገር፤ እሱ ካልታወቀ የኋላው አይገባም። በእኛ አገር በርበሬ የሚቀላው በኅዳር ነው። ዛላውን ለቅመን ቶሎ ፀሐይ ላይ ካላሰጣነው ይሻግታል፤ የሻገተ በርበሬ ደግሞ አፍንጫ ያለውን ነጋዴ አያታልልም። ለፀሐይ የተዘረጋውን እህል ወይም በርበሬ ስጥ እንለዋለን፤ የሚዘረጋበትን ቦታ ማስጫ። ድሮ ማስጫችን በእበት የተለቀለቀ ደጃፋችን ነበር። አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ ግን የአስፋልቱ ዳር ሆነ። ጥቁር ነው፣ ይሞቃል፣ እርጥበት አያውቅም። ኅዳር ላይ ከማንኩሳ እስከ ቡሬ በመኪና ያለፈ ሰው መንገዱ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ይመስለዋል።

ስጥ ያለበትን ጎን መኪና አይረግጠውም። ሕግ አይደለም፤ ትራፊክ ካየማ ይቆጣናል። ነውር ስለሆነ ነው። የሰው እህል ላይ ጎማ ያሳረፈ ሹፌር እናት እንዳላሳደገችው ይቆጠራል።

በርበሬያችን እንዲህ ሲሆንልን ውሃችን ግን አልሆነልንም። የልጅነታችን ምንጭ፣ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ከተተከለ ወዲህ፣ በጋ ሲገባ ጭላጭ ብቻ ይቀረዋል። ጉድጓድ ተቆፈረልን፤ በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕ ተተከለለት። ነዳጁ ሲገኝ ጠጣን፣ ሲጠፋ ቧንቧውን እያየን ወደ ጭላጩ ወረድን። ኋላ ኋላ መጥፋቱ በዛ። የታንጉት ባል ሞቶ፣ ልጆቿም ወደ ባሕር ዳር ሄደው ብቻዋን ስለነበረች፣ ያን ሁሉ ውሃ የምታመላልሰው በራሷ ጉልበት ነበር። ጉልበቷ ያለቀው እዚያ ዳገት ላይ ነው እላለሁ።

መሐንዲሱ አሸናፊ የመጣው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ገና ጢሙ በቅጡ ያልሞላ፣ ትሕትና ያለው የከተማ ልጅ ነው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሰፈሩን ዋርካው ሥር ሰብስቦ አስተዋወቀን። አሸናፊ ተነሥቶ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ እስከ ጉድጓዱ የሚወርደውን መንገድ ወፍራም መስተዋት እንደሚያለብሱት ነገረን። መስተዋቱ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ መብራት ያደርገዋል፤ መብራቱ ፓምፑን ያዞረዋል፤ ነዳጅ አያስፈልግም።

የታንጉት ጎረቤት አያ ክንዱ፣ ሳይቀልድ ውሎ የማያውቅ ሰው፣ እጁን አነሣ። "ልጄ፣ በዚህ መስተዋት ላይ ከብት ይሄድበታል?"

"ይሄድበታል፣ አባቴ።"

"ጋሪስ?"

"ጋሪም ቢሆን።"

"እና ፀሐይዋ ስትረገጥ ዝም ትላለች?"

ሰው ሳቀ። አሸናፊም ሳቀ። አያ ክንዱ ቀጠለና፣ "የአስተማሪው ቤት ጣሪያ ላይ ሶላር አለ፤ ሬዲዮ ያናግርበታል። እናንተስ ምነው ከጣሪያ አወረዳችሁት?" አለው።

"ጣሪያ ላይማ ማንም ያደርገዋል" አለ አሸናፊ። "ይኸ ሙከራ ነው። መሬቱ ሁሉ ለእርሻ ይፈለጋል፤ መንገድ ግን ቀኑን ሙሉ ለፀሐይ ተዘርግቶ ይውላል። መንገዱ ራሱ ቢሠራልን እርሻ አንነካም ነው ሐሳቡ።"

ክፉ ሐሳብ አልመሰለንም። ከኋላ የተቀመጥነው አሮጊቶች ግን ነገሩ በደንብ እንዳልገባን አየ። በእኛ አፍ ሊያስረዳን ፈልጎ ቃል ሲያጣ ቆየና፣ "እናቶቼ፣ ባጭሩ ይኸ መንገድ የፀሐይ ማስጫ ነው። የእናንተ ነው፤ ተጠቀሙበት" አለ።

ታንጉት በክርኗ ጎሰመችኝ። "ማስጫ አለ?"

"ማስጫ ብሏል።"

"ሸጋ ልጅ ነው" አለች።

ክረምቱ እንዳለፈ ሠሩት። ወፋፍራም መስተዋቶች ናቸው፤ ላያቸው ሻካራ፣ ውስጣቸው ሰማያዊ። አንዱ ካንዱ ጋር እንደ ድንጋይ ንጣፍ ተገጣጠመ። ሲያልቅ ፓምፑ ያለ ነዳጅ፣ ያለ ጭስ ተነሣ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተነፈሰ፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ንጹህ ውሃ ወረደ። ታንጉት ጀሪካኗን ከፊት አሰልፋ ነበር። ሲሞላ አላነሣችውም፤ ቁጭ ብላ አየችው። "እህተ ማርያም፣ ያ ዳገት ቀረልን በይኛ" አለችኝ።

ከዚያ ኅዳር ገባ፤ በርበሬው ቀላ። ታንጉት መስተዋቱን በእጇ መዳፍ ዳሰሰችው፤ ሞቋል። አቧራ የለው፣ ጠጠር የለው፣ ከአስፋልቱ ይልቅ ለቤታችን ይቀርባል። ደግሞም ማስጫ ተብሏል። ቅርጫቷን አምጥታ ዘረገፈች። ይኸን አይተን እኛም ተከተልን። ከአስፋልቱ ጫፍ እስከ ጉድጓዱ መንገዱ ቀላ። በዕድሜዬ እንዲያ ያማረ ስጥ አላየሁም።

ቧንቧው ግን ቀጠነ፤ ከዚያም ቆመ። ተበላሸ ተብሎ ለአሸናፊ ተደወለለት። መጣ፤ ከመኪናው ወርዶ ያን ቀይ መንገድ ሲያይ ራሱን ያዘ።

"ይኸ ምንድን ነው?" አለ።

ታንጉት በርበሬዋን ታገላብጥ ነበር። ቀና አላለችም። "በርበሬ ነው ልጄ። በበርበሬ አገር እየሠራህ በርበሬ አታውቅም?"

"እርስዎ ነዎት ያሰጡት?"

"እኔ ጀመርኩት። ሌላው ተከተለኝ።"

"እናቴ፣ ማን ፈቀደልዎ?"

"አንተ። ዋርካው ሥር ቆመህ ማስጫ ነው፣ ተጠቀሙበት አላልክም?"

አሸናፊ ወደ መስተዋቱ ጠቆመ። "እኔ እኮ... ፀሐይዋ የምትሰጣበት ማለቴ ነው። መስተዋቱ ሲሸፈን ብርሃን አያገኝም፤ ብርሃን ካላገኘ ፓምፑ አይዞርም።"

"እሱን ያን ጊዜ ማለት ነበረብህ።"

ሊቀ መንበሩ በዚህ መሐል ደረሰና የመንግሥት ንብረት ላይ ያሰጣ ሁሉ ይቀጣል ብሎ ተቆጣ። ታንጉት ወገቧን ይዛ ተነሣች። "እሺ፣ ቅጣኝ። መጀመሪያ ግን ቃሉን ቅጣው፤ እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው።" አሸናፊ ሳቁ አሸነፈው፤ ሊቀ መንበሩ ብቻውን ተቆጥቶ ቀረ።

ታንጉት ቧንቧውን አየችው፤ ጀሪካኗ ከሥሩ ባዶውን ተቀምጧል። በርበሬዋን ወደ ቅርጫቷ ትመልስ ጀመር። ኋላ ሊቀ መንበሩ፣ "በሉ ስል ታዘዙ" እያለ ሲያወራ ሰምታ፣ "ያስነሣኝ ጀሪካኔ ነው፣ አንተ አይደለህም" ብላዋለች።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን የያዘችው እሷ ሆነች። ማንም አልሾማትም። እንደ ማኅበር ጽዋ ተራ አወጣችልን፤ ተራው የደረሰው ቤት ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ ይዞ ይወጣል። ከብት ፋንድያውን ጥሎ ያልፋል፤ እንጠርጋለን። ነፋስ የአስፋልቱን ዳር አቧራ ያለብሰዋል፤ እንጠርጋለን። ጤዛ ሲያርፍበት አህዮቹ ተንሸራተቱብንና መላ ያገኘን መስሎን አመድ በተንበት። አመዱም ለካ እንደ በርበሬው ነው፤ ውሃው ቀጠነ። አመዱንም ጠረግን። አያ ክንዱ በዚያ ሲያልፍ፣ "ሌላው አገር መንገድ ሰውን ያገለግላል፤ የእኛ ሰው መንገድ ያገለግላል" ይለናል። ታንጉት በመጥረጊያዋ ታባርረዋለች።

አሸናፊ ለቁጥጥር ሲመጣ ታንጉት ቤት ያርፋል። አንድ ቀን እሸት በቆሎ እየፈለፈለ፣ እኔም ባለሁበት፣ እውነቱን ነገረን። "ጣሪያ ላይ ቢሆን ይሻል ነበር" አለ። "እዚህ መስተዋቱ በጀርባው ተኝቶ ነው የሚውለው። ቀና ብሎ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ቢያያት ብዙ ይሰጣል። ጋሪ እንዳይሰብረው ብለን አወፈርነው፤ ሲወፍር ብርሃን ይቀንሳል። አቧራው፣ ከብቱ፣ ጥላው አለ። እናንተ ባትጠርጉትማ እስካሁን ቆሞ ነበር።"

"ታዲያ እያወቅህ?" አለችው ታንጉት።

"ገንዘቡ የመጣው ለመንገድ ነው እናቴ። ለጣሪያ የሚል አልመጣም።"

ታንጉት በቆሎዋን እየበላች አሰበች። "ጣሪያውም መንገዱም ያለው እዚሁ አገር አይደል?" አለች። አሸናፊ ወደ በቆሎው ተመለሰ።

ክረምቱ ጨከነብን። ጎርፉ ጭቃ እየጎተተ መስተዋቱ ላይ ይከምረዋል፤ ጠርገን ሳንጨርስ ሌላው ይመጣል። ለትምህርት ቤቱ አጥር ድንጋይ የጫነ አይሱዙ፣ ከባድ መኪና አይግባ ተብሎ ሳለ፣ ገባበትና ከአስፋልቱ ወገን ያለውን ሰነጣጠቀው። ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ገባ። መስከረም ሲጠባ የላይኛው ግማሽ ሞቶ ነበር። የታችኛው፣ ወደ ጉድጓዱ ያለው፣ ግን ደኅና ነው፤ ቀትር ላይ ፓምፑን ያዞራል። ቀትር ላይ ተሰልፈን እንቀዳለን። ከዳገቱ ይሻላል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሊቀ መንበሩ ወሬ ይዞ መጣ። ሙከራው አልተሳካም፤ መንገድ ላይ የሚነጠፍ ሶላር አያዋጣም ተብሎ ተወስኗል። መኪና መጥቶ መስተዋቱን ሁሉ ነቅሎ ይወስዳል።

"ደኅናውንም?" አለች ታንጉት።

"ሁሉንም። የመንገድ ፕሮጀክት ንብረት ነው። መንገዱ ከቀረ ንብረቱ ይመለሳል።"

"ውሃውስ?"

"ነዳጅ ሲመጣ..." ብሎ ጀመረ። ቀሪውን አልሰማችውም።

መኪናው ሊመጣ ነው በተባለበት ዋዜማ ታንጉት በየቤቱ ዞረች። እኔ ጋ ስትደርስ በሩ ላይ ቆማ፣ "በርበሬሽ ደረሰ?" አለችኝ።

"ትንሽ ቀርቶታል።"

"የደረሰውን ልቀሚ።"

ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። በማለዳ ከጉድጓዱ ጀምሮ ሽቅብ እስከ አስፋልቱ ጫፍ በርበሬያችንን ዘረጋነው። በልጅነታችን የቆመችበት ያ ጠባብ መንገድ ትዝ አለኝ። አሁን ግን ብቻዋን አልነበረችም።

የጭነት መኪናው መጣ። ሹፌሩ ይታገሱ የሚባል የቡሬ ልጅ ነው። መገንጠያው ላይ ሲደርስ ቀዩን መንገድ አየና ፍሬን ያዘ፤ ሞተሩንም አጠፋ። አሸናፊ ከጋቢናው ወረደ፤ መንቀያ የያዙ ሠራተኞችም ከላይ ዘለው ወረዱ። ታንጉት መሐል መንገድ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች።

"እናቴ" አለ አሸናፊ፣ "ይኸን ነገር አምና ተነጋግረን ጨርሰን አልነበር?"

"አምና ተሳስቼ ነው። ዘንድሮ አልተሳሳትኩም።"

"መቼ ይነሣል ታዲያ?"

"ሲደርቅ።"

"መቼ ይደርቃል?"

"እሱን በርበሬውን ጠይቀው።"

አንዱ ሠራተኛ አካፋውን አንሥቶ በርበሬውን ከዳር ሊገፋ ጎንበስ ሲል ሹፌሩ ከመስኮቱ፣ "ተው። የሰው ስጥ በአካፋ አይነካም" አለው። ሠራተኛው አካፋውን ወደ ኋላው ደበቀ። ሊቀ መንበሩ መጥቶ፣ "ንዳው። ራሳቸው ያነሡታል" ብሎ አዘዘ።

ይታገሱ ቁልፉን ነቅሎ ዘረጋለት። "እርስዎ ይንዱት። እናቴ ቡሬ ዳር በርበሬ አስጥታ ነው ያሳደገችኝ። ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ ብትለኝ ምን እላታለሁ?"

ሊቀ መንበሩ መኪና መንዳት አይችልም። አያ ክንዱ ከአጥሩ ላይ፣ "ይውሰዱት እንጂ፣ ፍሬኑ በየት በኩል እንደሆነ እኔ አሳይዎታለሁ" አለው። ሠራተኞቹ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ።

እንዲህ ሆነን ተቀመጥን። ሠራተኞቹን አልጠላናቸውም፤ የእንጀራ ነገር ሆኖባቸው ነው። ምሳቸውን ዳቦና ድልህ አበላናቸው። ግን አንድ ነገር ከበደን። በርበሬው መስተዋቱን ስለሸፈነው ፓምፑ ቆሟል። አያ ክንዱ ይኸንንም አላለፋትም። "ታንጉት፣ ውሃውን እንዳይወስዱብሽ ብለሽ ራስሽ ዘጋሽው" አላት። ሴቶቹም ማጉረምረም ጀመሩ፤ ቤት ውስጥ የሚጠጣ የሚፈልጉ ሕፃናት አሉ።

ታንጉት አልተቆጣችም። ጀሪካኗን አንሥታ ወደ ድሮው ምንጭ ወረደች። ተከተልኳት። ያ ዳገት ረዝሟል፤ ወይም እኛ አጥረናል። በልጅነት እሾህ የነበረበት ዳር አሁን ባሕር ዛፍ ነው፤ ምንጩም ጭላጭ ናት። በጣሳ እየጨለፍን ሞላን። ስንወጣ በየመሐሉ ትቀመጣለች። ጉልበቷን ይዛ አየችኝና፣ "ከወሰዱት ሞታችን እዚህ ዳገት ላይ ነው፤ የእኔና የአንች" አለችኝ። "ስለዚህ አይወስዱትም።" ተነሥታም የቀዳችውን ውሃ ሕፃናት ላሉበት ቤት አከፋፈለች። ከዚያ በኋላ ያጉረመረመ የለም። ተራ ገብተን እየወረድን ቀዳን።

መኪናው እዚያው ሰነበተ። ከዳር ያለው ሲደርቅ ታንጉት ታነሣና እርጥቡን ትተካለች። አሸናፊ ያያል፤ አያስቆማትም። እንዲያውም አንድ ከሰዓት ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያገላብጥላት አየሁት። "እንዲህ አይደለም፤ ቀስ አድርገህ፣ ፍሬው ይረግፋል" ትለዋለች።

በመጨረሻ የአሸናፊ አለቃ ከከተማ ደወለ። አሸናፊ ስልኩን ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲል ታንጉት፣ "እኛም እንስማው፤ ስለ እኛ አይደል?" አለችው። ድምፁን ከፍ አደረገው። ከቅዳሴ ሲመለሱ ነገሩን ለማየት የቆሙት የደብራችን መሪጌታ ቢሰጥ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ።

"አሸናፊ፣ መኪናው የት ደረሰ?" አለ አለቃው።

"እዚሁ ነው ጌታዬ።"

"ምን ያዘው?"

አሸናፊ ሲያመነታ ታንጉት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለችና፣ "ስጥ" አለች።

"ማን ነው? ምን አሉ?"

"ስጥ ነው የያዘው ጌታዬ።"

"ምኑን ነው የምሰጠው?"

መሪጌታ ቢሰጥ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ስጥ የሚለው ቃል በርበሬውም ነው፣ ስጠን ማለትም ነው። ታንጉት አስባው ይሁን ወጥቶላት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ግን አልዘገየችም። "መስተዋቱን" አለች።

አለቃው ለዘብ ብሎ፣ "እናቴ፣ እንዲህ ያለው መንገድ አያዋጣም። ይኸን ልጁም ነግሮዎታል" አላት።

"ነግሮኛል። እንደማያዋጣም ወገቤ ያውቃል፤ የጠረግሁት እኔ ነኝ። መንገዱን ውሰዱት ጌታዬ፣ መንገድማ ከአባቶቻችን ጀምሮ ነበረን። ያልተሰበረውን መስተዋት ተዉልን፤ ጣሪያ ላይ እንሰቅለዋለን። ካልሆነ ግን ስጥ ሳይደርቅ አይነሣም። በርበሬያችን ደግሞ ዘንድሮ ብዙ ነው።"

አለቃው እሷን ትቶ፣ "አሸናፊ፣ መስተዋቱ በምን ሁኔታ ላይ ነው?" አለ።

አሸናፊ ያን ቀይ መንገድ አየ። "በርበሬ ገብቶበታል ጌታዬ" አለ።

"በየት በኩል?"

"በመገጣጠሚያው። በዳር በዳሩ።"

"ይጸዳል?"

"እዚህ ያሉት እናቶች ካልሆኑ ማንም አያጸዳውም።"

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። "በርበሬ የገባበት ዕቃ ጭኜ ምን ላደርገው ነው? የተሰበረውን ጫን። የቀረው እዚያው ይቅር።"

ማንም እልል አላለም። ታንጉት በርጩማዋን አነሣችና፣ "ቅርጫት አምጡ" አለች።

በርበሬውን አነሣን፤ ሠራተኞቹ ነቀሉ። የተሰነጣጠቀው መኪናው ላይ ወጣ። ደኅናውን በጉድጓዱ የፓምፕ ቤት ጣሪያ ላይ ሰቀሉት፤ የተረፈውንም ከባሕር ዛፍ በተሠራ መደብ ላይ ደረደሩት። አሸናፊ ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዙሮ፣ ቀና አድርጎ አስተካከላቸው። ይታገሱም ሸሚዙን አውልቆ አብሮ ተሸከመ፤ ሲሄድ ታንጉት ለእናቱ ከዚያው ስጥ ላይ በርበሬ ቋጠረችለት። በማግስቱ ፓምፑ ከጠዋት ጀምሮ ዞረ። ቀትርን መጠበቅ ቀረ።

መንገዱ ተመልሶ አፈር ሆኗል። ሲዘንብ ያዳልጣል፣ በበጋ ይቦንናል፤ ከብቱም እንዳሻው ይሄድበታል። በርበሬያችንን ወደ አስፋልቱ ዳር መልሰናል። የጉድጓዱን ጣሪያ አሁንም ማስጫ ነው የምንለው። አያ ክንዱ ሥራ ሲፈታ፣ "ታንጉት፣ የላይኛው ማስጫ ባዶውን ነው፤ መሰላል ላምጣልሽና በርበሬሽን አውጪበት እንጂ" ይላታል።

"ፀሐይ ተሰጥታበታለች" ትለዋለች። "ስጥ ላይ ስጥ አይሰጣም።"

ሰሞኑን ደግሞ ወሬ አለ። ያን መስተዋት የሚቆጥሩ ሌሎች ሰዎች ይመጣሉ፣ ለሌላ ቦታ ይፈለጋል ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ታንጉት ወሬውን የሰማችው ከገበያ ስትመለስ ነው። አህያዋን እንኳ ሳታራግፍ፣ በዚያ ባለቀ ጉልበቷ እያነከሰች፣ ቀጥታ ወደ እኔ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

"በርበሬሽ ደረሰ?" አለችኝ።

"ትንሽ ቀርቶታል" አልኳት።

"የደረሰውን ልቀሚ" አለች።